የበላሁት አይውረድልኝ

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና ውስጥ አንዲት ሐኪም፣ ዕድሜዋ ከእኔ የቤት ጫማ የማይበልጥ ልጅ፣ ሎሚ ሰንጥቃ ሰጠችኝና "ይምጠጡት" አለችኝ። ገና ሳልቀምሰው፣ ሽታው ብቻ አፍንጫዬን ሲነካ፣ ከግራ መንጋጋዬ ሥር ያለው ነገር ተነፋ። ትንሽ እብጠት እንዳይመስላችሁ። ከጎኔ ሰው የተቀመጠ መስሎኝ ልጠጋለት ምንም አልቀረኝም።

"ያምዎታል?"

"ኧረ ምንም አይል። ጭንቅላቴን ነቅሎ ሊወስደው ነው እንጂ።"

አልሳቀችም። ቀዝቃዛ ቅባት መንጋጋዬ ሥር ቀብታ መሣሪያውን አንሸራሸረችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። "ይቺ ነጭ ነገር ትታይዎታለች? ጠጠር ናት። የምራቅ እጢዎ ምራቁን ወደ አፍ የሚያወርድበት ቱቦ ውስጥ ተቀርቅራለች። ምግብ ሲያዩ ምራቁ ይመጣል፣ መንገዱ ዝግ ነው፣ ያብጣል። ሲቆይ ቀስ ብሎ ይሾልክና ይሟሽሻል። ትንሽ ስለሆነች ውሃ በብዛት ይጠጡ፣ ሎሚ ይምጠጡ፣ በሞቀ ጨርቅ ይሹት። እምቢ ካለች እናወጣታለን።"

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ሎሚው በእጄ እንዳለ እንባዬ መጣ።

"ውይ ይቅርታ፣ ጫንኩት መሰለኝ!"

"አይደለም የኔ ልጅ። ይቺን ጠጠር አውቃታለሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ዘግይታ ነው እንጂ፣ መምጣት የነበረባት ያኔ፣ እኔ ጋ ነበር።"

ካርዴ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ወደ አእምሮ ሐኪም ይላኩ ብላ ይሆናል።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምኖረው ከእናቴና ከእናቴ አባት ጋር፣ ከተማው አልቆ እንሰቱ በሚጀምርበት የሆሳዕና ዳርቻ ነው። ይህ አያቴ፣ አባባ ኑሪ፣ ቅቤ ነጋዴ ነበር። ነጋዴ ይባል እንጂ ሀብቱ ምላሱ ነበረች። ገበያ ቀን ሴቶቹ ቅቤያቸውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ሲያመጡለት በጣቱ ጫፍ ቆንጥሮ፣ በአውራ ጣቱ አሽቶ፣ ምላሱ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል። ሙዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ዓይኑን ሳይገልጥ "መልሺው እህቴ" ይላል። ንጹህ ከሆነ ደግሞ ላሟ ከየትኛው ጅረት እንደጠጣች ይናገራል። የላሟን ስም ብቻ ነበር የሚተወው፤ እሱንም የሚያውቀው ይመስለኛል፣ ላሟን እንዳያሳፍራት ብሎ ነው።

ስለዚህ ሰው ሲጣላ ወደ እሱ ይመጣል። "የኑሪ አፍ አይሳሳትም" ይባል ነበር።

የዚያን ዓመት ሐምሌ የመጣው ጉዳይ የጎረቤታችን የእትዬ ራህመት ነበር። ከሀደሮ ተድራ የመጣች፣ ረጅም፣ ስትስቅ አፏን የማትሸፍን ሴት ናት። ባሏ ሞተና ዓመት ሳይሞላው የባሏ ወንድም ሙክታር ከጓሮዋ ያለውን የእንሰት መሬት "የእኔ ድርሻ ነው" አለ። አባታቸው መሬቱን ሲያካፍላቸው በቦታው ከነበሩት በሕይወት የቀረው አባባ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ጠሩት።

በእኛ ሰፈር ምስክር ሲምል፣ ቢዋሽ የሚወርድበትን ቅጣት ራሱ ነው የሚመርጠው። አንዱ ዓይኔ ይጥፋ ይላል፣ ሌላው ከብቴ ይለቅ ይላል። ከዚያ አዝመራ እስኪገባ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ያን ሰው በዓይኑ ይከተለዋል። ዓይኔን ያለ ሰው ጉድፍ ገብቶበት ቢያሽ እንኳ አበቃለት።

አባባ ከብሳናው ዛፍ ሥር ጫማውን አውልቆ ቆመ። ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ተሸጉጬ ሰማሁት፦

"ድንበሩ ይሄ ብሳና ነው። ከብሳናው ወዲህ ያለው የራህመት ባል ነበር፣ አሁን የራህመት ነው። ከዋሸሁ የበላሁት አይውረድልኝ።"

ሙክታር አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እትዬ ራህመት የአባባን ጉልበት ልትስም ስትል "ተነሺ፣ ምን አደረግኩልሽ? ያየሁትን ነው የተናገርኩት" አላት።

እኔ ግን መሬቱም ድንበሩም አልገባኝም። የገባኝ መሐላው ነው። "የበላሁት አይውረድልኝ!" እንዴት ያምራል! ቃሉ አፍ ይሞላል። ቀኑን ሙሉ ለዶሮዎቹ ስምል ዋልኩ።

ሁለት ቀን ሳይቆይ እናቴ ለእንግዳ ያስቀመጠችውን የስኳር ጣሳ አወረደችው።

"ሳዲያ! ይሄን ስኳር ማን ነካው?"

"እኔ አይደለሁም!"

"አንቺ ካልሆንሽ ድመቷ በማንኪያ በላችው?"

"ወላሂ እኔ አይደለሁም! ከዋሸሁ የበላሁት አይውረድልኝ!" ይህን ስል ስኳሩ ገና በጥርሴ መሃል ይንቀጫቀጭ ነበር።

አባባ መደቡ ላይ እንደተቀመጠ "ተያት" አላት እናቴን። "ልጅቷ ማለች እኮ። የማለ ሰው ሁለቴ አይጠየቅም።"

እንዲህ ነው የዳንኩት። እንዲህ ነው የዳንኩት እያልኩ ሦስት ሳምንት ኖርኩ።

ከዚያ አንድ ጎረቤት ሰደቃ አወጣ። ወንዶቹ በየትሪው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ልጆች በር ላይ ሆነን ትርፍራፊ እንጠብቃለን። አባባ ሁለተኛውን ጉርሻ አነሳ፣ ጎረሰና ቆመ። እጁ መንጋጋው ላይ ሄደ። እያየነው፣ ሁሉም እያየው፣ ከመንጋጋው ሥር አንድ እንቁላል ወጣ። የዶሮ እንቁላል። ለእኔ የሰጎን ነበር። ትሪዎቹ ሁሉ ዝም አሉ። አርባ ሰው ማኘክ ሲያቆም የሚሰማውን ዝምታ እስከ ዛሬ ሌላ ቦታ ሰምቼው አላውቅም።

ሙክታር ከማዶው ትሪ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አያ ኑሪ፣ ምነው? አልወርድ አለ?" አለው።

አባባ እጁን ታጥቦ ወጣ። ቤት ስንደርስ እብጠቱ ሟሽሾ ነበር። ማታ እራት ሲቀርብ ተመለሰ። በማግስቱም ቁርስ ላይ። ሳይበላ ሲውል ምንም የለውም፤ ቆጮ ሲያይ ይነፋል። በሽታ ቢሆንማ ቀኑን ሙሉ ያም ነበር፣ አሉ። ምግብ ሲቀርብ ብቻ የሚመጣ በሽታ አለ እንዴ? የማለው በመብል ነው፣ በመብል ያዘው። ሰፈሩ ነገሩን በአንድ ከሰዓት ጨረሰው።

እኔ ግን እውነቱን አውቅ ነበር። የእኔ መሐላ ነው። ቅጣቱ ወደ ቤታችን መጥቷል፣ ቤቱን አልሳተም፣ ግን ሁለት ሰው በአንድ ቃል ስለማልን አፍ ተምታታበት። ይህን ለማስተካከል ያልሞከርኩት የለም። ሦስት ቀን ሙሉ "እኔ ነኝ፣ እዚህ ነኝ" እያልኩ አፌን ከፍቼ ወደ ሰማይ አንጋጥጬ ቆምኩ። ነሐሴ ስለነበር አፌ በዝናብ ተሞላ እንጂ ምንም አልመጣም። በየምግቡ መንጋጋዬን እዳስሳለሁ። የበላሁት ሁሉ ያለ አንዳች ችግር ይወርዳል፣ እንዲያውም ከወትሮው በላይ። አፍሬ ጨምሬ በላሁ።

መናገር ብቻ ነበር የቀረኝ። እሱን አልቻልኩም።

እናቴ የሞቀ ቅቤ አሸችው። የገበያው ጥርስ ነቃይ ጥርስ ነው ብሎ አንዱን ነቀለው፤ ጤነኛው ሆኖ ሲገኝ ለማመሳሰል ጎረቤቱንም ነቀለው። አንዲት ሴትዮ በጋለ ብረት ተኮሰችው፣ ጠባሳው እስከ መጨረሻው አንገቱ ላይ ቀረ። አባባ "አህ" እንኳ አላለም። ከዚያ ከእኛ ጋር መብላት ተወ። ሳህኑን ይዞ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ገበያ ላይም ቅቤውን በጣቱ አሽቶ፣ አፉ ድረስ አድርሶ፣ መልሶ በጨርቅ ይጠርገው ጀመር። ሴቶቹ ቅጠላቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ ሰው ሄዱ። ጀርባውን ብቻ እያየሁ ክረምቱን ጨረስኩ። ዛሬም አባባ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልኝ የጀርባው አጥንት ነው፣ በኮቱ ውስጥ እያኘከ ሲንቀሳቀስ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ የክረምት ትምህርት ነበርና፣ ብሳናው ሥር አገኘሁት። በእግሩ ይለካል። አሥር እርምጃ ወዲህ፣ አሥር እርምጃ ወዲያ። ጭቃው ጫማውን እየያዘበት።

"ሳዲያ" አለኝ፣ "ነይ እስቲ። አንቺ የተማርሽ ነሽ። ሰው በደንብ የሚያውቀውን ነገር፣ በዓይኑ ያየውን፣ ሊሳሳት ይችላል?"

እኔ በዚያ ቀን መምህሩ ፊት በሰባት ማባዛት ጠፍቶኝ በእንብርክኬ ቆሜ ነው የመጣሁት። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

"አዎ አባባ። እኔ ሰባት በሰባትን ትናንት አውቀው ነበር፣ ዛሬ ጠፋኝ።"

ብሳናውን ቀና ብሎ አየው። "አዎን" አለ። "አዎን። እንደሱ ይሆናል።"

በሕይወቴ ብዙ ሞኝ መልስ መልሻለሁ፣ ሰው እስኪሰለቸኝ ድረስ። ያቺን አንዷን ብቻ መልሰሽ ውሰጂ ብባል ሌላውን ሁሉ እተወው ነበር።

አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ አባባ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ መሐላውንም ምስክርነቱንም አነሳ። "አርጅቻለሁ። አፌ እየመሰከረብኝ ነው። ምናልባት ሌላ ዛፍ ነበር" አለ። ማንም አልተቆጣውም። ሙክታርም አልጨፈረም፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ስምንት ልጅ ያለው ሰው ነበር። በሳምንቱ ግን ከነልጆቹ መጥቶ እንሰቱን ነቀለ። ስድስት ሰባት ዓመት ያደገ እንሰት ነው። ሲወድቅ እንደ ዛፍ አይሰበርም፤ ረጥቦ፣ ከብዶ ይተኛል። የተላጠው ግንድ ሽታ ሰፈሩን ሞላው።

እትዬ ራህመት ያለ እንሰቱ እዚያ ምን ትብላ? ዕቃዋን አስራ ወደ ወንድሞቿ፣ ወደ ሀደሮ ሄደች። ከመሄዷ በፊት በራችን ላይ ቆመች። አባባ ሊያያት አልቻለም።

"አያ ኑሪ" አለችው፣ "የበላኸው ይውረድልህ።"

ምርቃት ነበር። ከልቧ ነበር። እሷ ስትሄድ እናቴ ምሳ አቀረበች። አባባ ከብዙ ጊዜ በኋላ ፊቱን ከግድግዳው ወደ ትሪው አዙሮ ተቀመጠ፣ ጎረሰ። መንጋጋው ተነፋ።

እናቴ የያዘችውን ጣባ አስቀመጠች። "አባዬ፣ መሐላውን አነሳህ አይደል?"

"አነሳሁ።"

"ታዲያ አሁን ምን ቀረው?"

አባባ ጉርሻውን ከአፉ አውጥቶ እጁ ላይ አየው። ፊቱ ላይ ያየሁትን ያኔ አልገባኝም። አሁን ይገባኛል። ሲምልም አብጧል፣ ሲያነሳም አብጧል። እንግዲያ እብጠቱ ስለ ብሳናው ምንም የሚያውቀው ነገር የለም።

እናቴ በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ እኔም ጥርሴን አመመኝ ብዬ ተከተልኳቸው። ሐኪሙ ከሰሜን የመጣ ቀጭን ሰው ነበር፣ ብዙ የማይጠይቅ። ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ ሎሚ አስመጣ። "እስቲ ይህን ይምጠጡ አባቴ።" እንቁላሉ ወጣ። ሐኪሙ ፈገግ አለ! ያን እብጠት አይቶ ፈገግ ያለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ጓንት አጥልቆ አንድ ጣቱን ከምላሱ ሥር አስገባ፣ በሌላ እጁ ከመንጋጋው ሥር ደገፈ፣ ከዚያ አባባ ቅቤ ሲፈትሽ እንደሚያደርገው በጣቶቹ መሃል አሸው። "አገኘኋት" አለ። ራጅ አስነሣው። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ሲለጥፈው በመንጋጋው አጥንት ጎን አንዲት ነጭ ፍሬ ነበረች።

የማደንዘዣ መርፌ ወጋው፤ ከምላሱ ሥር ትንሽ ቀደደ። እኔና እናቴ ከመጋረጃው ወዲህ ሆነን "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማን፣ ብረት ሳህን ላይ። ጠራንና አሳየን። የባቄላ ግማሽ የምታህል፣ ቢጫ ነጭ፣ ሻካራ ነገር።

ጮህኩ። "ስኳር ነው! የእኔ ስኳር ነው! እኔ ነኝ የዋሸሁት!" ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ ጣሳውን፣ ማንኪያውን፣ መሐላውን። እናቴ በእጇ አፌን ልትይዝ ስትል ሐኪሙ ከለከላት።

"ስኳር ቢሆን ይሟሟ ነበር፣ እመቤት" አለኝ። "ይሄ ከምራቁ የሚዘቅጥ፣ እንደ ኖራ ያለ ነገር ነው፤ በላይ በላዩ እየተጋገረ ነው የሚያድገው። ማንም አልማለበትም።"

አባባ ጥጥ እንደጎረሰ እጁን አነሳ። "በስንት ጊዜ ነው እዚህ የሚደርስ?"

"ይሄን ያህል ለመሆን? ዓመታት ሳይወስድ አይቀርም።"

"ከሐምሌ በፊት ነበረ?"

"ከሐምሌ ብዙ በፊት፣ አባቴ። መንገዱን እስኪዘጋ ድረስ ነው ያላወቁት።"

ደስ ይለዋል ብዬ ጠበቅኩ። እኔ እንኳን ከደስታዬ ብዛት ልበር ነበር። ስኳሩ ስኳር፣ እኔም እኔ ነበርን። አባባ ግን ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን እያየ ቀረ። "ብሳናው ነበር" አለ። "ልክ ነበርኩ እኮ። ብሳናው ነበር።"

ጠጠሯን በክብሪት ሣጥን አስገብቶ ለሽማግሌዎቹ ወሰዳት። ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። አንዱ አሽትቷት መለሳት። ማንም አልተጠራጠረውም፤ ግን የእኛ ሰፈር ልማድ አንድ በር ነው ያለው። "የተነሳ መሐላ ዳግመኛ አይማልም፣ ኑሪ" አሉት። "እንሰቱስ ተነቅሎ፣ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ገብቷል። የት ብለን እንትከለው?"

ስለዚህ የሀደሮ ገበያ ቀን በጭነት መኪና ተሳፈርን፣ እሱና እኔ። ለምን እኔን እንደወሰደኝ አልነገረኝም። ምናልባት የምስክር ያህል ይሆናል። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ነበር። አባባ የክብሪት ሣጥኑን በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር በእጁ ይጫነው ነበር፣ ድንጋይ የሚሰበር ይመስል።

እትዬ ራህመትን ዝንጅብል ተራ አገኘናት። ጆንያ ላይ ተቀምጣ አፈሩን ከዝንጅብሉ ላይ ታራግፋለች። ከስታለች። አየችን፣ እጇን አቆመች።

አባባ ሣጥኑን ከፍቶ ሰጣት። ከዚያ ሐኪሙ ያለውን፣ ዓመታቱን፣ ብሳናውን፣ ሁሉን ተናገረ። አፉ ገና አልዳነም፣ ቃሎቹ ይንሸራተቱበት ነበር። "ልክ ነበርኩ ራህመት። አፌን ፈርቼ አንቺን ጣልኩሽ።"

ጠጠሯን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አነሳቻት። ፀሐይ ላይ አድርጋ አየቻት።

"ይቺ ናት?"

"እሷ ናት።"

"ይቺ ትንሿ?"

ከጎኗ ካለው ጨርቅ ቁራሽ ቆጮ ፈትታ፣ ቆርሳ፣ ዘረጋችለት። "ብላ።" አመነታ። "ብላ ነው የምልህ አያ ኑሪ፣ እዚህ፣ ሰው ፊት።"

ቆሞ በላ። የገበያው ሰው እየገፋው ያልፋል። እኔ ዓይኔን መንጋጋው ላይ ተከልኩ። አልተነፋም። አኘከ፣ ዋጠ። እንባው በጠባሳው ላይ ወርዶ ኮሌታው ውስጥ ገባ።

"ወረደ?" አለችው።

"ወረደ።"

"አልሐምዱሊላህ።" ባዶውን ሣጥን መለሰችለት። እሱ እጁን ለጠጠሯ ዘርግቶ ሲቆይ፣ እሷ በነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት፣ ሁለት ጊዜ። "ይቺ እኔ ጋ ትቅር" አለች። "ከመሬቴ የደረሰችኝ ይቺ ናት።" ከዚያ ወደ ዝንጅብሏ ተመለሰች፣ አፈሩን ማራገፍ ጀመረች።

ስንመለስ መኪናው ላይ፣ ሆሳዕና ልንገባ ስንል ዞር ብሎ አየኝ።

"ሰባት በሰባት ስንት ነው?"

በዚያ ክረምት መጨረሻ አውቄው ነበር። "አርባ ዘጠኝ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አዎ አባባ።"

"ሰው ቢስቅብሽስ? ጉንጭሽ ቢያብጥስ?"

"አርባ ዘጠኝ ነው።"

"እንዳትለቂው" አለኝ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ መልሶ።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ካርዴን ጽፋ ስትጨርስ ቀና አለችና "ሎሚውን ይድገሙት እስቲ፣ አይፍሩ" አለችኝ። አፌ ውስጥ ከተትኩት። መንጋጋዬ ተነፋ፣ ዓይኔ ፈሰሰ።

"ምን አሉ?" አለችኝ ጠጋ ብላ።

"ምንም የኔ ልጅ። አርባ ዘጠኝ ነው ያልኩት።"